የአላባማው ነጭ የባርቤኪው ሶስ፦ እንዴት ይሠራል? የትስ ይገኛል?

በአሜሪካ ደቡብ ባርቤኪው ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር ሶሱ ይለወጣል። ምሥራቅ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አቼቶና ደቆ የተነሰነሰ በርበሬ ነው፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። መሃል ሳውዝ ካሮላይና ሲደርሱ ሰናፍጭ ይገባበትና ቢጫ ይሆናል። በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ወፍራም፣ ጣፋጭና ቀይ ሶስ ደግሞ በአብዛኛው የካንሳስ ሲቲ ዘር ነው። ሰሜን አላባማ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የዚያ አገር ሶስ ነጭ ነው፣ መሠረቱም ማዮኔዝ ነው።

ማዮኔዝ በጥብስ ላይ ሲባል ብዙ ሰው ደስ አይለውም። ከቺፕስ ጎን የሚቀመጠው ወፍራሙ ነገር ነው ወዲያው የሚታየው። የአላባማው ሶስ ግን በማንኪያ ተዝቆ የሚቀመጥ ሳይሆን የሚፈስ ነው፤ አቼቶው ጎላ ያለ፣ ቁንዶ በርበሬው በዓይን የሚታይ፣ ስኳሩ ወይ የሌለ ወይ ኢምንት የሆነ። ይህን ሶስ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ሶሱ ከጎን የሚቀርብ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ የዶሮው አበሳሰል የመጨረሻ እርምጃ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቴነሲ ወንዝ ዳር ባለችው በዲካተር ከተማ ነው። ሮበርት ጊብሰን የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ በግዙፍ ቁመናው የተነሳ “ቢግ ቦብ” ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1925 ግቢው ውስጥ በሠራው ምድጃ ሥጋ እያበሰለ ማስተናገድ ጀመረ። ዶሮውን ለሁለት ሰንጥቆ በሂኮሪ እንጨት ፍምና ጭስ ላይ ለሰዓታት ያቆየዋል፤ ሲበስል አንሥቶ ነጩ ሶስ በተሞላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነክረዋል። በስሙ የሚጠራው ምግብ ቤት ዛሬም ዲካተር ውስጥ አለ፤ ዶሮውም ዛሬም ይነከራል።

ለምን በመጨረሻ? ይህን ለመረዳት ማዮኔዙን ራሱን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዘይትና ውሃ አብረው አይኖሩም፤ ቢመቷቸውም ጥቂት ቆይተው ይለያያሉ። በእንቁላል አስኳል ውስጥ ግን ሌሲቲን የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ዘይት። ዘይቱ ቀስ እየተባለ እየተመታ ሲገባ ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበታተናል፤ ሌሲቲኑም እያንዳንዱን ጠብታ ከብቦ ከሌላው ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል። ጠብታዎቹ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው ማዮኔዝ ነጣ ብሎ የሚታየው። በአሜሪካ ሕግ “ማዮኔዝ” ተብሎ የሚሸጥ ነገር በክብደት ቢያንስ 65 በመቶ የምግብ ዘይት ሊኖረው ይገባል። ይህን ያህል ዘይት በጥቂት ውሃ ውስጥ ሲታጨቅ ጠብታዎቹ መንቀሳቀሻ ያጣሉ፤ ወፍራምነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን አቼቶ ጨምሩበት። በማዮኔዝ ውስጥ ጠብታ የሆነው ዘይቱ ነው፤ ውሃው በዙሪያው ያለው ነው። አቼቶም በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ በቀጥታ ከዙሪያው ጋር ይቀላቀላል። ጠብታዎቹ አይፈርሱም፤ ቦታ አግኝተው ይራራቃሉ፣ ሶሱም እንደ ቀጠነ እርጎ መፍሰስ ይጀምራል። የቢግ ቦብ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቅባቱንና ጎምዛዛውን ሳይለያዩ በአንድነት ዶሮው ላይ የሚያፈስበት መንገድ አገኘ።

ዶሮ ደግሞ ይህንን ይፈልጋል። የደረቱ ሥጋ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጭስ ላይ ለሰዓታት ሲቆይ ላዩ ይደርቃል። ትኩሱ ዶሮ ሲነከር ቀጭኑ ሶስ በቆዳው ስንጥቅና በሥጋው ጫፍ ሁሉ ይገባል። ከሥጋው የሚወጣው ሙቀት ከውሃውና ከአቼቶው የተወሰነውን ያተንነዋል፤ የሚቀረው ስስ የቅባት ሽፋን ነው፣ ቁንዶ በርበሬው ተጣብቆበት። የቁንዶ በርበሬ የሚያቃጥለው ነገር በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ በቅባት ውስጥ ግን በደንብ ይሟሟል። ለጭሱ መዓዛ ከሚሰጡት ነገሮችም ብዙዎቹ ቅባት ይወዳሉ። ስለዚህ ሽፋኑ ሥጋውን ከማርጠብ አልፎ ጣዕሙን ምላስ ላይ ያቆየዋል። አቼቶው ደግሞ ቅባቱ አፍ እንዳይሞላ ይቆርጠዋል።

ያው ሶስ ቀደም ብሎ ተቀብቶ እሳት ላይ ቢቆይ ውሃው ይተንናል፣ የአስኳሉ ፕሮቲን ይረጋል፣ ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል፤ ቆዳውም ዘይት የተፋ ይሆናል። ጣፋጭ ቀይ ሶስም ቀድሞ ከተቀባ ችግር አለው፣ የእርሱ ግን ሌላ ነው፤ ስኳሩ ያርራል።

እንግዲህ ፍለጋው። ሰሜን አላባማ ውስጥ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ከዲካተር እስከ ሀንትስቪልና አቴንስ ድረስ የባርቤኪው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ደቡብ በርሚንግሃም አካባቢ ሚስ ማይራስ በነጭ ሶሱና በዶሮው ስሙ የተነሳ ቤት ነው፤ ሆምዉድ ውስጥ ደግሞ ሶውስ አለ። ወደ ሰሜን ድንበሩን ተሻግሮ ናሽቪል ላይ ማርቲንስ ያቀርበዋል። ከዚያ ራቅ ሲል ሜኑ ላይ “አላባማ ዋይት” የሚለውን መፈለግ ነው።

ለአትላንታ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የአበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላበት፣ ከክላርክስተን አጠገብ ያለው ዲካተር የጆርጂያው ነው። የሶሱ ዲካተር አላባማ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ የግዛቱን ስም ካልጨመራችሁ ወደ ሰፈራችሁ ይመልሳችኋል። ለናሽቪል ነዋሪ ይቀላል፤ በመኪና ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

ሜኑ ላይ ስሙ መጻፉ ግን በቂ አይደለም። ብዙ ቤቶች ማዮኔዝ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ስኳር ጨምረው በትንሽ ኩባያ ያቀርባሉ፤ ለድንች መጥለቂያ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ የምንፈልገው ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ አስተናጋጁን “ነጭ ሶስ አላችሁ?” ብቻ ብላችሁ አትለፉ። “ዶሮውን ትነክሩታላችሁ ወይስ ሶሱን ለብቻ ታመጡታላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ይነከራል ካሏችሁ ቤቱ ሥራውን ያውቃል። ለብቻ የሚመጣ ከሆነም ኩባያውን ዘንበል አድርጉት፤ ወዲያው ከፈሰሰና የበርበሬው ነጠብጣብ ከታየ ደህና ነው። ትኩሱ ዶሮ ላይ ራሳችሁ አፍስሱትና ጥቂት ታገሡት።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሶስ ሌላም ጥቅም አለው። የደቡብ ባርቤኪው ቤት ዋና ሥጋው አሳማ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ብዙዎቻችን የማንነካው። ነጩ ሶስ ግን ተፈጥሮው ከዶሮ ጋር ስለሆነ አሳማ የማይበላ ሰው የዚያን አገር ምርጥ ሥራ ሊቀምስ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ከጎን በሚመጣው ነው። “ኮላርድ ግሪንስ” የሚሉት በአሜሪካ አበሻ ቤት ሁሉ ለጎመን ወጥ የሚገዛው ያው ቅጠል ነው፤ ዓይን ወዲያው ይለምደዋል፤ እዚያ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው ከአሳማ ቅልጥም ወይም ከቤከን ጋር ነው። ባቄላውም እንደዚሁ። ዶሮውና አሳማው በአንድ ምድጃ ላይ ይበስሉ እንደሆነም ለሚጨነቅ ሰው መጠየቅ ነውር የለውም። ዶሮው በሃይማኖቱ ደንብ የታረደ እንዲሆን ለሚፈልግ ግን ጥያቄው ይህ ብቻ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ቤት ውስጥ መሥራቱ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቀላል ነው። ሁለት ኩባያ ማዮኔዝ፣ አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ገና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ የሚጥሚጣ ቁንጥር። አቼቶውን በአንዴ አትገልብጡት፤ እየመታችሁ ጥቂት በጥቂት ካልገባ ማዮኔዙ ይጓጉላል። አንዳንዱ የፖም ጭማቂ ወይም ሆርስራዲሽ የሚባለውን የሚሰነፍጥ ሥር ይጨምርበታል፤ እኔ ያለ እነሱ እመርጠዋለሁ። ማዮኔዙን ስትገዙ ስኳር የሌለውን ፈልጉ፤ ዱክስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 በሳውዝ ካሮላይናዋ ግሪንቪል የተጀመረው፣ በዚህ ይታወቃል። ከዚያ ሶሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት፤ ቁንዶ በርበሬው ቅባቱ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል።

ዶሮው የጭስ ምድጃ ባይኖር ክዳን ባለው የከሰል ማንደጃ ላይ፣ ከፍሙ ራቅ ተደርጎ ሊበስል ይችላል፤ የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በስሏል። ሶሱን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ለመንከሪያ፣ አንዱ ለገበታ። ሥጋ የተነከረበት ሲተርፍ ይደፋል፣ ያልተነካው ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል።