የኩበት ጭስና የዕጣን ጭስ በመሐል ሜዳ

የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባለ ብርዳማ አምባ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ዛፍ የሳሳበት በመሆኑ ኩበት ከዋነኞቹ ማገዶዎች አንዱ ነው። በድንጋይ ተገንብቶ በጓሳ ሣር የሚከደነው የአገሩ ቤት ብርዱን ለመከላከል ሲባል መስኮቱ ጠባብ ነው፤ እሳቱም ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለሙቀት ጭምር ረዥም ሰዓት ይነድዳል።

ኩበት ከእንጨት ያነሰ ሙቀት እየሰጠ የበለጠ ብናኝ ያወጣል። ከዚህ ብናኝ አብዛኛው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ስለሆነ በላይኛው የመተንፈሻ አካል ሳይያዝ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። በእንጨትና በኩበት ምግብ በሚበስልባቸው ጓዳዎች የሚለካው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ እሳቱ በሚጫርበት ሰዓት ከሺህ የሚያልፍበት ጊዜም አለ።

ዕጣንም ያለ ነበልባል የሚጨስ በመሆኑ ጭሱ የሚሸከመው ብናኝ ከዚሁ ደቃቅ ዓይነት ነው። በእስያ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የበለጠ የሚጋለጠው ለአጭር ጊዜ የሚገባው ጎብኚ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በዚያ የሚያገለግለው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የሚያጥን ካህን ወይም ዲያቆን በሳል ወይም በአስም ምክንያት ሲመጣ የአገልግሎቱን ሰዓት መጠየቅ ተገቢ ነው። ሚዛኑ ግን መዛባት የለበትም፤ ምእመኑ ዕጣኑን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሲያሸት፣ እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የኩበቱን ጭስ በየዕለቱ ይተነፍሳሉ።

ለዓመታት የሚያስሉና ትንፋሽ የሚያጥራቸው እናት «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «ኧረ በጭራሽ» ይላሉ። ጥያቄው እዚያ ላይ ካበቃ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሳይታሰብ ይቀራል። «በምን ያነዳሉ? ጓዳው ከመኝታው ይለያል?» ብሎ መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ግን በዚህ ሳቢያ ሊታለፍ አይገባም።

የደም ኦክስጅን መለኪያም በዚህ አገር በጥንቃቄ ይነበብ። በዚህ ከፍታ የጤነኛ ሰው ንባብ በቆላ ካለው ያነሰ ነው። በአንጻሩ የተለመደው መሣሪያ ከሄሞግሎቢን ጋር የተጣመረውን ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደ ኦክስጅን ስለሚቆጥረው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጠዋት ራሱን እያመመው፣ እያቅለሸለሸው ከመጣ ጥሩ ንባብ ሊያዘናጋ ይችላል።

ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ሳንባን ያድናል ለማለት ግን ማስረጃው ያንሳል። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል፤ ጭሱ ቢቀንስም የሚቀረው ገና ብዙ ነውና። እስከዚያው ኩበቱን በደንብ አድርቆ ማንደድ፣ ከጣሪያ ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፣ ሕፃኑን በምግብ ማብሰያ ሰዓት ለሌላ ሰው መስጠትና ፍም ባለበት ቤት ዘግቶ አለመተኛት ለእናቶች ሊነገሩ የሚችሉ ናቸው። መስኮት ይከፈት የሚለው ምክር ግን በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊት ተቀባይነት እንደማያገኝ መካሪው አስቀድሞ ቢያውቀው ይበጃል።