ሕመም የሌለው እብጠት፦ የጡት ካንሰር ትውውቅ

የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። ብዙ ሴቶችን ያዘናጋው ይኸው ጸባዩ ነው። በሽታ ማለት በለመድነው የሚያተኩስ፣ የሚወጋ፣ ከአልጋ የሚጥል ነገር ነው፤ ሥራ ያላስፈታ እብጠት ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆቿን ለትምህርት ቤት የምታሰናዳ እናት፣ ወይም ጎፋ ላይ ጉልት የምትቸረችር ሴት፣ ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ጠጣር ነገር ብታገኝ «ካላመመኝ ምን አለበት» ብላ ልትተወው ትችላለች። ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ዓመት ይሆናል። በሽታውን ማወቅ የሚጠቅመው ያ ጊዜ በከንቱ እንዳያልፍ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ጡት ወተት የሚያመነጩ እጢዎች፣ ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ የሚያደርሱ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ በዙሪያቸውም ስብ ያለበት አካል ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚነሣው ከእነዚህ ቱቦዎች የውስጥ ግድግዳ ነው። አንድ ሕዋስ ዘረመሉ ላይ ጉዳት ይደርስበትና መባዛቱን ማቆም ያቅተዋል። በመጀመሪያ ቱቦው ውስጥ እንደታጠረ ይቆያል። ቀጥሎ ግድግዳውን ጥሶ ወደ አካባቢው ይገባል፤ ከዚያም ወደ ብብት ንፍፊቶች፣ በደም በኩል ደግሞ ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ሰው የሚሞተው ጡቱ ላይ ባለው እብጠት አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል በተሰራጨው ነው። ሐኪሞች በሽታውን በአራት ደረጃ የሚከፍሉትም ስፋቱንና ስርጭቱን ለማወቅ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ የተገኘ የጡት ካንሰር በአብዛኛው ይድናል። አራተኛ ደረጃ የደረሰውን ማከም፣ ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን ማስታገስ ይቻላል፤ ፈጽሞ ማዳን ግን እጅግ ከባድ ነው።

ማንን ይይዛል?

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጡት ካንሰር እንደተያዙ፣ በዚያው ዓመት 9,000 ያህል ደግሞ በበሽታው እንደሞቱ ገምቷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም ከከተማዋ ሴቶች ካንሰር ሲሶ ያህሉ የጡት መሆኑን አሳይቷል።

በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው የሚበዛው ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ በሆነ ሴቶች ላይ ነው። እኛ ዘንድ የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ አርባዎቹ ውስጥ ነው፤ ለዚህ ዋናው ምክንያት ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑ ነው። ስለዚህ በሽታው የሚያገኛት ሴት ብዙውን ጊዜ ገና ልጆች የምታሳድግ፣ ቤት በትከሻዋ የቆመ እናት ናት።

ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የወር አበባ ቀድሞ መምጣትና ዘግይቶ መቋረጥ፣ አልኮል መጠጣት፣ ካረጡ በኋላ መወፈር ሁሉም ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። በዘር የሚተላለፈው ግን ከመቶ አምስት እስከ አሥር ቢሆን ነው፤ «በቤተሰባችን የለም» ማለት መተማመኛ አይሆንም። መውለድና ማጥባት አደጋውን ይቀንሳሉ፤ ፈጽሞ አያስቀሩትም። በተለይ የምታጠባ እናት ጡቷ ሲያብጥ ወተት የቋጠረ ይመስላታል፤ እብጠቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ መታየት አለበት። ወንዶችም ይታመማሉ፤ ከመቶ ታማሚዎች አንዱ ገደማ ወንድ ነው።

በጡት መያዣ ገንዘብ ወይም ስልክ መያዝ፣ ጡት ላይ መመታት፣ የሰው ዓይን፣ እርግማን፣ ከእነዚህ አንዱም የጡት ካንሰር አያመጣም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከታማሚ ጋር አብሮ መብላትም ሆነ ታማሚን ማቀፍ ምንም ጉዳት የለውም።

ምልክቶቹ

ዋናው ምልክት ጡት ወይም ብብት ውስጥ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ የማያም፣ ጠንከር ያለ እብጠት ነው። ከዚህ ሌላ የአንዱ ጡት ቅርጽ ወይም መጠን መለወጥ፣ የቆዳው መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ቀድሞ ያልነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣት፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ የማይድን ቁስል ወይም የሚቀረፍ ቆዳ፣ የጡት መቅላትና መሞቅ ይታያሉ።

አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። በወጣቶች ላይ የሚወጣ፣ ሲነኩት የሚንሸራተት ጤናማ እጢ አለ፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ይሁን እንጂ በመዳሰስ ብቻ ይህ ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ፍርሃቱንም ጥርጣሬውንም የሚያስወግደው ምርመራ ነው።

ጤና ጣቢያው ምን ሊያደርግ ይችላል?

በአዲስ አበባ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ መካኒሳም ይኑር ለቡ፣ ሳር ቤትም ይሁን ኃይሌ ጋርመንት፣ የመጀመሪያ በሩ የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ማሞግራፊ እዚያ የለም፤ ይህ ግን ተስፋ አያስቆርጥም። ማሞግራፊ ዝቅተኛ ኃይል ባለው ኤክስሬይ የጡትን ምስል የሚያነሣ መሣሪያ ነው፤ የወጣት ሴቶች ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እብጠቱ ሊሸሸግበት ይችላል፤ ለእነርሱ ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ይሻላል።

የሠለጠነ እጅም ትልቅ መሣሪያ ነው። በሕንድ ሙምባይ ከ150,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ ለሃያ ዓመት የተካሄደ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡትን በእጅ ሲመረምሩ በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ መገኘቱን፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑት ላይም ሞት በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። በቻይና ሻንጋይ ደግሞ ከ260,000 የሚበልጡ የጨርቃጨርቅ ሠራተኞች ራሳቸውን በሥርዓት እንዲመረምሩ የተደረገበት ጥናት ሞትን አልቀነሰም። እንግዲህ ራስን መዳሰስ ብቻውን አያድንም፤ የራስን ጡት ማወቅ፣ ለውጥ ሲታይ ወዲያው ወደ ባለሙያ መሄድና ባለሙያውም በጥንቃቄ መመርመሩ ግን ሕይወት ያተርፋል። ለማህፀን ጫፍ ካንሰር ምርመራ ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት «ጡቴንም እዩልኝ» ብትል መብቷ ነው።

ጤና ጣቢያው ከጠረጠረ ሪፈር ይጽፋል። ሆስፒታሉ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ በእጅ ይመረምራል፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ ያያል፣ በመርፌ ናሙና ይወስዳል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ናሙናው ነው። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሴቶችን ከሆስፒታል በር መልሷል። ፍርሃቱ የመጣው ዘግይተው ሄደው፣ ተነክተው የሞቱትን በማየት ነው፤ የገደላቸው መዘግየቱ እንጂ መርፌው አይደለም።

ሕክምናው

ሕክምናው እንደ ደረጃውና እንደ እጢው ዓይነት ይለያያል። ቀዶ ሕክምና እጢውን ብቻ ወይም ጡቱን በሙሉ ያነሣል፤ የብብት ንፍፊቶችም ይመረመራሉ። እጢውን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም ጡትን በሙሉ ከማንሣት ጋር እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ በሃያ ዓመት ክትትል ተረጋግጧል። ቀድማ የመጣች ሴት ጡቷን የማትረፍ ዕድል አላት ማለት ነው፤ ጨረር ማግኘት ግን ግድ ነው።

ኬሞ በየሦስት ሳምንቱ ወይም በሌላ ልክ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ፀጉር ያረግፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፤ ሕክምናው ሲያበቃ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። ሌላው ትልቅ መድኃኒት ታሞክሲፌን የሚባል ርካሽ እንክብል ሲሆን፣ ኢስትሮጅን በተባለው ሆርሞን ለሚያድግ እጢ በቀን አንዴ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይወሰዳል። የአፍሪካውያን እጢ በአብዛኛው ለሆርሞን አይታዘዝም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ እጢዎች ሆርሞን ተቀባይ መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ ናሙናው ሲመረመር የሆርሞን ተቀባይነቱም እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኸር ቱ የተባለ ፕሮቲን ለሚበዛበት እጢም ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ።

የሚጎድለው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሦስት ግቦች አስቀመጠ፦ ከታማሚዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ እንዲገኙ፣ ምርመራው ሴቲቱ ጤና ተቋም በደረሰች በ60 ቀን እንዲጠናቀቅ፣ ቢያንስ 80 በመቶው የጀመሩትን ሕክምና እንዲጨርሱ። እኛ ዘንድ ከግማሽ የሚበልጡት የሚመጡት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ነው። ሕክምናውም ወረፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጥቁር አንበሳ የጀመረው የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የመላ አገሪቱ ብቸኛ ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ ማዕከሎች ቢጨመሩም ፍላጎቱ ከአቅሙ ይበልጣል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ድርጅት፣ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። የእርሱን ዓይነት እጆች ገና ብዙ ያስፈልጉናል።

መንግሥት መሣሪያውን ያምጣ፣ ሐኪሙን ያሠልጥን፤ ይህ ግዴታው ነው። የእኛ ግዴታ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አለማባከን ነው። ባል ሚስቱ እብጠት አገኘሁ ስትለው አብሯት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዕድሩ ለቀብር የሚያዋጣውን ያህል ባይሆን እንኳ ለታማሚ ትራንስፖርትና መድኃኒት የሚሆን ድርሻ ይመድብ፤ የቤተሰቡ የጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ በጊዜው ይከፈል። ጸበል የምትጠመቅ እህት ትጠመቅ፣ የሐኪም ቀጠሮዋን ግን አታሳልፍ፤ ሁለቱ አይጣሉም። በጡትሽ ወይም በብብትሽ አዲስ ነገር ካገኘሽ፣ ባያምሽም፣ በዚህ ሳምንት ታዪ፤ ሪፈር ከተጻፈልሽ ሪፈሩን ይዘሽ ሂጂ፤ የናሙናውን ውጤት በጽሑፍ ተቀበይ፤ የጀመርሽውንም ሕክምና እስከ መጨረሻው አድርሺው።