ዱርንና ተራራን ሄዶ ስለ ማየት

በአገራችን ሰው ወደ ዱር የሚገባው ለሥራ ነው። እንጨት ለቃሚ ለማገዶው፤ እረኛ ለከብቱ፤ አናጢ ለምሰሶው፤ መድኀኒት ዐዋቂ ለቅጠሉና ለሥሩ፤ መናኝም ለጸሎቱ ይገባል። ለማየትና ለመማር ብቻ ተነሥቶ ወደ ዱር የሚሄድ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ቢገኝም እንደ ሥራ ፈት ይቈጠራል። ነገር ግን አይቶ ማስተዋል ራሱ ሥራ ነው። የአገሩን ዱር ያላየ ሰው ስለ ዱር በሚመከርበት ሸንጎ ቢቀመጥ፤ ከሌላው የሰማውን ከመድገም በቀር የሚናገረው የለውም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በከሚሴ ከተማና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ለሚያስተምሩ መምህራን፤ እንዲሁም ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች ነው። ዐላማውም የቆላው ልጅ ከቤቱ አጠገብ የሚያየው ውሃ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚጠብቀው በእግሩ ሄዶ እንዲያውቅ ለመርዳት ነው። ውሃውን የሚጠጣ ሁሉ ዱሩን ማወቅ ይገባዋልና።

ከደጃፍ ስለ መጀመር

ጉብኝት ከሩቅ አይጀመርም፤ ከደጃፍ ይጀመራል። የከሚሴ ልጅ ደጃፉ የጨፋ ሜዳ ነው። የቦርከና ወንዝ በደሴ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ሲደርስ መሬቱ ስለሚለጠጥበት ሩጫውን ትቶ ይንጣለላል። በዚህ ምክንያት ስፍራው ረግረግና ቄጠማ፤ ለምለም ሣርም የሞላበት ሰፊ መስክ ሆነ። ውሃው ከዚያ ወጥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ዳርቻ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

በበጋ ወራት በዙሪያው ያለው ግጦሽ ሁሉ ሲደርቅ የጨፋ ሣር ለምለም ሆኖ ይቈያል። ስለዚህ የኦሮሞው፤ የአፋሩና የአማራው ከብት በአንድ መስክ ላይ ይገናኛል። የአውሮጳን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ የውሃ ወፎችም በዚያ ያርፋሉ። ነገር ግን ረግረጉ በቦይ እየተንጣፈፈ ለእርሻ ስለ ዋለ መስኩ ከቀድሞው ጠብቧል። መስክ በጠበበ ቍጥር የሚጋፋው ከብት፤ ከከብቱም ቀጥሎ የሚጋፋው ሰው ይበዛል።

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ቃል ያስረዳ። «ጨፌ» በአማርኛ ርጥብና ለምለም መስክ ማለት ነው። በኦሮምኛም እንዲሁ መስክ ሲሆን፤ ደግሞ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት ሸንጎ ማለት ነው። መስክ ያለ ምክር እንደማይጠበቅ ቃሉ ራሱ ያስተምራል።

ውሃ ከዱር እንዴት እንደሚገኝ

ልጆቹ በጨፋ ቆመው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ያያሉ። በዚያ ከፍታ ላይ ዝናም ሲወርድ፤ ዛፍ ካለ አስቀድሞ ቅጠሉ ይቀበለዋል፤ ኀይሉንም ሰብሮ ቀስ አድርጎ ወደ ምድር ያወርደዋል። ከዛፉ ሥር የረገፈውና የበሰበሰው ቅጠል ውሃውን ይመጠዋል፤ ሥሮቹም አፈሩን ክፍት ስለሚያደርጉት ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከብዙ ጊዜም በኋላ ከተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ዛፍ ከሌለ ግን ዝናሙ አፈሩን ገርፎ፤ ጐርፍ ሆኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ የገበሬውንም አፈር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዱር ውሃን የሚፈጥር ሳይሆን የሚያስቀምጥ ነው፤ የሐምሌን ዝናም ለየካቲት የሚያቈይ ጐተራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን በቃል ከመናገር በዐይን ማሳየት ይሻላል። መምህሩ ሁለት የቆርቆሮ ሣጥኖች ያዘጋጅ፤ በየአንዳንዱም ወርድ ላይ ወደ ታች የምታፈስ ቀዳዳ ይብሳ። በአንዱ ሣር የበቀለበትን አፈር ከነሥሩ አድርጎ የደረቀ ቅጠል ያልብሰው፤ በሁለተኛው ባዶ አፈር ብቻ ያድርግ። ሁለቱንም እኩል አዘንብሎ በእኩል ጣሳ ውሃ ያፍስስባቸው። ከባዶው አፈር የሚወጣው ውሃ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ደፍርሶም ይታያል። ሣር ከለበሰው የሚወጣው ግን ዘግይቶና ጠርቶ ይንጠባጠባል። ይህን ያየ ልጅ ወደ ተራራው በወጣ ጊዜ የሚያየው ነገር ይገባዋል።

ስለሚጐበኙት ስፍራዎች

ለከሚሴ የቀረበው የተራራ ደን የጎፍ የተባለው ነው። ይህ ተራራ ከከሚሴ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኮምቦልቻ አጠገብ ይገኛል። በላዩ የጥንቱ የአገር ጥድና ወይራ ቅሬታ አለ፤ በሰው እጅ የተተከለው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍም አለ። መምህሩ ሁለቱን ዐይነት ጐን ለጐን ማስተያየት ይችላል። በጥንቱ ዱር ውስጥ ትልቁና ትንሹ ዛፍ፤ ሐረጉና ቍጥቋጦው አብረው ይኖራሉ፤ በተተከለው ግን ዛፉ ሁሉ አንድ ዐይነት ሆኖ ከሥሩ የሚበቅለው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው በሰሜን ሸዋ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ገደል ላይ የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ጀምሮ ከ3,500 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፤ የሚጓዝበት ሰው በአንድ ቀን ብዙ ዐይነት አገር ያያል። ከታች ዝግባና ወይራ፤ ከዚያ በላይ ጥድ፤ ከፍ ብሎም ኮሶ፤ ከሁሉ በላይ አስታ ይገኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በአዲስ አበባ አጠገብ ያለውን የመናገሻን ደን እንዳስተከሉ ሲነገር ይኖራል። ትውፊቱ ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት አለ፤ ይኸውም ዱር ሰው የሚያጠፋው ብቻ ሳይሆን የሚተክለውም መሆኑ ነው።

ከሩቆቹ ስፍራዎች የሚበልጠው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርክ ማለት መንግሥት ለአራዊትና ለዕፀዋት ከልሎ የሚያስጠብቀው ምድር ነው። የመጀመሪያው በአሜሪካ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1872 የተከለለው የሎውስቶን ነው። የሰሜን ፓርክ በዚያው አቆጣጠር በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የማይገኘው ዋልያ የሚኖረው በዚያ ነው። ነገር ግን ዋልያው እየተመናመነ እርሻና ግጦሽም እየገፋ ስለ ሄደ፤ በ1996 አደጋ ከሚያሰጋቸው ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ። ከብዙ ጥረት በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከከሚሴ ሩቅ ስለ ሆነ ልጆች ሊሄዱበት ባይችሉም፤ የጠፋ የመሰለ ነገር በጥረት ሊመለስ እንደሚችል ለማስረዳት ታሪኩን መንገር ይበቃል።

ስለ ጓሳና ስለ ሕጉ

ከሁሉ ይልቅ ለሽማግሌዎች የሚጠቅመው በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። መንገዱ ከከሚሴ ወደ ደቡብ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ ከዚያም በተራራው ጫፍ ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋል። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፤ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ብርዳም አገር ነው። ከዚያ የሚነሣው ውሃ ከፊሉ ወደ ዐባይ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በላዩም ሣር የሚግጠው ጭላዳ፤ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ፤ ጅብራም ይገኛሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ያደገውም በዓለም ሁሉ ተቈጥሮ 500 አይሞላም። ጅብራም ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ካበበ በኋላ ይሞታል።

ስፍራው ስሙን ያገኘው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። የአገሩ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድም ይገምድበታል። ሣሩ እንዳያልቅ የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት አቆሙ። ባለ መብቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆኑ «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ምድሩ ሦስት ዓመት፤ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቈያል፤ ሣሩ ማደጉ ከታየ በኋላ ለአጨዳ ይከፈታል። ተዘግቶ ሳለ የገባ ሰው ብርቱ ቅጣት ይቀጣ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የቀድሞው የርስት መብት ስለ ቀረ ቄሮ ፈረሰ። ጠባቂ ባጣ ጊዜም ምድሩ ተጐዳ። በኋላ ግን የአገሩ ገበሬዎች ራሳቸው ተመካክረው ጥበቃውን በሌላ መልክ አቆሙ፤ መብቱም ለጥቂት ወገን ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለአካባቢው ነዋሪ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፤ ብርቱ ግንብ ያልታጠረበትን ምድር ምክርና ስምምነት ጠበቁት። ከጓሳ የሚማረውም ይህ ነው፤ መሬቱ የጋራ በመሆኑ ብቻ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የጋራ ሕግ ያጣ እንደ ሆነ ነው። ጨፋም የብዙ ሰው መስክ ነውና ይህን ነገር ሽማግሌዎች ያስቡበት።

ስለ ጉዞው ሥርዓት

መጀመሪያ፤ የመንገዱን ሰላም ከአስተዳደሩና ከአገሩ ሽማግሌዎች ሳይጠይቁ ልጆችን ይዞ መነሣት አይገባም። በ2013 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ላይ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕይወት እንደ ጠፋና ብዙ ቤት እንደ ተቃጠለ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ደጋ ለሚወጡ የቆላ ልጆች አስቀድሞ መልእክት ይላክ፤ የደጋው መምህርና ሽማግሌም ይቀበላቸው። እንደዚሁም የደጋ ልጆች በተራቸው ጨፋን ለማየት ይውረዱ። አንድ ውሃ የሚጠጡ ሰዎች መተዋወቃቸው ከጉብኝቱ ጥቅም ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ሁለተኛ፤ ጊዜውን መምረጥ ይገባል። በክረምት መንገዱ ይንሸራተታል፤ ጉሙም ገደሉን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ መሄድ ይሻላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከሚሴ በ1,400 ሜትር አካባቢ ስለ ሆነች፤ ወደ ጓሳ የሚወጣ ልጅ ከ10 ዲግሪ የበለጠ ልዩነት ያገኘዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊትም አመዳይ ይወርዳል። ጋቢ ሳይዙ መውጣት ሕመም መሸመት ነው።

ሦስተኛ፤ በዱር ውስጥ እሳት አይነድድም፤ ቅርንጫፍ አይሰበርም፤ ጭላዳም ምግብ አይሰጠውም። የሰው እህል የለመደ እንስሳ ወደ እርሻ ይወርዳልና።

አራተኛ፤ እያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይዞ ያየውን ይጻፍ። የየዛፉንም ስም በሁለቱ ቋንቋ ይጻፈው፤ ወይራን ኤጀርሳ፤ ዝግባን ብርብርሳ፤ ኮሶን ሄጦ እያለ። ምንጭ ባገኘ ጊዜ ውሃው የሚሄደው ወዴት እንደ ሆነ ይጠይቅ።

ከተመለሱ በኋላ

ጉብኝት በተመለሱበት ቀን አያልቅም። ልጆቹ ያዩትን ለወላጆቻቸው በጉባኤ ይንገሩ። ሽማግሌዎችም በልጅነታቸው ዱር የነበረውን ኮረብታ፤ ደርቆ የቀረውንም ምንጭ ስሙን እየጠሩ ያስጽፉ፤ ይህ በመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው።

ትምህርት ቤቱ ችግኝ ሊተክል ቢያስብ ለምድሩ የሚስማማውን ይምረጥ። ኮሶን ከደጋ አምጥቶ በከሚሴ መትከል ድካም ብቻ ነው፤ ለቆላውና ለወይና ደጋው ዋንዛ፤ ግራርና ዋርካ ይሻላሉ። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይረዳል፤ ነገር ግን ውሃ እጅግ ስለሚጠጣ በምንጭ አጠገብ አይተከልም። ከሁሉም የሚቀልለው አንድ የተራቈተ ኮረብታ ከከብት ከልሎ መተው ነው፤ ሥሩ በምድር የቀረው ዛፍ ራሱ ያቈጠቍጣል፤ ወፎችም የወይራና የጥድ ዘር ያመጡለታል።

አባቶች በዋርካ ጥላ፤ በኦዳ ሥር ተቀምጠው ፈርደዋል፤ አስታርቀዋል። ያንን ጥላ ያቈዩልን ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን ዛሬም ቆሞ ይታያል። እንግዲህ የዛሬው መምህርና ሽማግሌ ልጆችን ይዘው ወደ ምንጩ ራስ አንድ ቀን ቢወጡ፤ ነገ በጨፋ ላይ የሚመክሩት ሰዎች የሚመክሩበትን ነገር አይተው የሚያውቁ ይሆናሉ።