ማስረጃው በሰው እጅ ሲሆን

ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ፣ ገዋኔን አቋርጦ፣ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም። አንደኛው ቀንና ሌሊት ሳይል የሚተመው የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ፍየሉንና ግመሉን ከአስፋልቱ ወዲያና ወዲህ የሚያሻግረው የአፋር እረኛ ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዳንድ ጊዜ ጉዳት መድረሱ አይቀርም።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ከገዋኔ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና አምስት ፍየሎች ገጭቶ ገደለ እንበል። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፤ ፕላን አነሣ፤ ሰሌዳውንና የሾፌሩን ስም መዘገበ። መኪናውም ጉዞውን ቀጠለ። ፍየሎቹ የአንድ ቤተ ሰብ ወተትና የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነበሩ። ለባለ ፍየሉ ምን ቀረለት? ቃሉ ብቻ።

በአፋር አገር ቃል ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በ«ዳጉ» ይለዋወጣሉ፤ በዳጉ ሐሰት መናገር ትልቅ ነውር ነው። በመካከላቸው ጠብ ሲነሣም ሽማግሌዎች በመድዓ፣ ማለት በአባቶች ሕግ፣ ይጨርሱታል። ነገር ግን የመኪናው ባለቤት አዲስ አበባ፣ የመድን ድርጅቱም በሌላ ከተማ ሲሆን ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው ምስክር ይሰማል፤ ሆኖም የትኛው መኪና እንደ ገጨ፣ የማን እንደ ሆነ፣ ፍየሎቹም በመንገዱ በየት በኩል እንደ ነበሩ የሚናገረው ወረቀት ከፖሊስ መዝገብ ውስጥ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሕጉ ለባለ ፍየሉ ጀርባውን አልሰጠም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ ነው ይላል። ነገር ግን ቁጥር 2086 ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት እንደ ሆነ ኀላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀራል ይላል። እንግዲህ የፖሊሱ ፕላን ፍርዱን ወዲህም ወዲያም ሊያዞረው እንደሚችል ልብ ይበሉ።

ታዲያ ይህን ወረቀት እንዴት ማግኘት ይቻላል? መጀመሪያ በደግ ቃል ነው። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደው የሪፖርቱንና የፕላኑን ግልባጭ በማመልከቻ ይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። መሥሪያ ቤቱ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንሰጥም» ቢልዎ አይቆጡ፤ ያቺ ማኅተም ያረፈባት ቅጂ በኋላ በዳኛው ፊት ትናገርልዎታለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። «ወረቀቱ ሳይገኝ እንዴት እከሳለሁ?» ብሎ ይቀመጣል። ወር ወርን ይወልዳል፤ ዓመቱም ያልፋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ግን እንዲህ ያለው የጉዳት ካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ወረቀት ፍለጋ ይህን ጊዜ አያቆመውም።

ደግሞም ወረቀቱን እስኪጨብጡ መጠበቅ አያስፈልግም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 223 ከሳሽ የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር እንዲያቀርብ ያዛል፤ ሰነዱ በእጁ የሌለ እንደ ሆነም በማን እጅ እንደሚገኝ እንዲገልጽ ነው። ስለዚህ «የአደጋው ሪፖርትና ፕላን፣ በዚህ ፖሊስ ጣቢያ የሚገኝ» ብለው ጽፈው ክስዎን ያስገቡ። ይህን ሳይጽፉ ቀርተው ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ሰነድ ላምጣ ቢሉ ግን በቂ ምክንያት ይጠየቃሉ።

ቀጥሎ ሰነዱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ እንደ ሆነ የዚሁ ሕግ ቁጥር 145 በሩን ይከፍትልዎታል። ፍርድ ቤቱ በራሱ አሳብ ወይም በተከራካሪ ጥያቄ ሰነዱን ሊያስቀርብ ይችላል። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ሰነዱ ለጉዳዩ የሚጠቅመው ስለ ምን እንደ ሆነና በራስዎ ጥረት ግልባጩን ያለ ብዙ መዘግየት ወይም ወጪ ማግኘት እንዳልቻሉ፣ ወይም ዋናው ሰነድ ራሱ መቅረቡ ለፍትሕ የሚያስፈልግ መሆኑን። ያቺ ማኅተም ያላት ቅጂ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም «ያለው ማስረጃ ሁሉ ይቅረብልኝ» አይበሉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰሌዳውን ቁጥርና ቢቻል የመዝገቡን ቁጥር ይጥቀሱ። በጥቅሉ የተጠየቀ በጥቅሉ ይመለሳል።

ሰነዱ በግል ድርጅት ወይም በግለ ሰብ እጅ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ባለ ሰነዱ እንደ ምስክር መጥሪያ ይደርሰዋል። መጥሪያው ሰነድ ለማቅረብ ብቻ ከሆነ ራሱ መምጣት ግዴታው አይደለም፤ ሰነዱን በሌላ ሰው እጅ ቢልክ ይበቃል። የመምጫውን ወጪ ግን አስቀድሞ የሚያስይዘው መጥሪያውን የጠየቀው ወገን ስለ ሆነ ይህን ያስቡበት። የዳኝነት መክፈል የማይችል ድኻም በድኻ ደንብ ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።

ጉዳቱ የደረሰው ገዋኔ እንደ ሆነ ባለ መኪናውን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው መክሰስ የለብዎትም፤ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ጉዳቱ በደረሰበት አገር መክሰስን ይፈቅዳል። ሆኖም ተከሳሹ የሌላ ክልል ነዋሪ ሲሆን ጉዳዩ ከወረዳው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሊያልፍ ስለሚችል አስቀድመው ሬጅስትራሩን ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ለፍየል ካሣ ብቻ የተባለ አይደለም። ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ የተከፈለውንና ያልተከፈለውን የሚያሳየው መዝገብ በአሠሪው ዘንድ ነው፤ አሠሪው ይህን መዝገብ እንዲይዝ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድደዋል። ባልንጀራው ብሩን በባንክ እንደ ተቀበለው የሚያስረዳ ሰውም ባንኩ የደንበኛውን ሂሳብ ያለ ትእዛዝ አያሳየውም። መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሰነዱን ስም፣ ያለበትን ስፍራና የሚፈለግበትን ምክንያት ለይቶ ለዳኛው መንገር።

ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላም እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ደብዳቤው መውጣቱን፣ መድረሱን፣ መልሱም ከመዝገቡ ጋር መያያዙን ከቀጠሮው ቀን በፊት ይከታተሉ። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ አደጋ በደረሰበት ቀን ዋናው ሥራ የሚከተለው ነው፤ የሰሌዳውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ምልክት፣ የፖሊስ ጣቢያውንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስም መያዝ። መጻፍ የማይችል ቢኖር ተማሪ ልጁን ያስጽፍ። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ትልቁ ወረቀት ያለበትን ቤት የምታሳየው እርሷ ናት።