የማይዝገው ማንቆርቆሪያ ስለ ምን ዛገ?

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ባለፈው ክረምት ነገርም ውኃም በቤታችን ውስጥ በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተው አስቸግረውኝ ነበርና፥ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ከእኔ ስሕተት እንዲጠቀሙ ነገሩን እንደ ሆነው ለመጻፍ ወደድሁ።

ዕቃው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቡና ውኃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ነው። በጀርመን አገር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ያመጣልኝ ስጦታ ነው። ውኃው የሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ ከገላው ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ ተቆልምሞ ስለሚወጣ፥ ፈረንጆች የዝይ አንገት እያሉ ይጠሩታል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ክዳኑን ከፍቼ ብመለከት፥ በወለሉ ዙሪያና ቧንቧው ከገላው ጋራ በተጋጠመበት ላይ የዝገት መልክ ያለው ነጠብጣብ አየሁ። ገልብጬ ባየው ግን ከሥሩ የማይዝግ ብረት መሆኑ ተጽፎበታል።

እጅግ ተቈጣሁ። ቤታችንን የምታገለግለውን ልጅ ጠርቼ፥ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትገሽ አበላሽተሽዋል አልኋት። ዋጋውንም ከደመወዟ ጥቂት በጥቂት እንደምቀንስ ነገርኋት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ባለቤቴ ግን «ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ዘወትር የሚነግሩን እርስዎ አይደሉምን?» አለችኝ። ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ ቃሏ እንደ እሾህ ወጋኝ። ስለዚህ ፍርዱን አቆይቼ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ይህ ዕቃ ለምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ማንቆርቆሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ቡናውን እንደ እኛ ከውኃ ጋራ በጀበና አያፈሉትም። የተፈጨውን ቡና በወረቀት ማጥለያ ውስጥ አድርገው፥ ትኩስ ውኃ በቀጭኑ እያንቆረቆሩበት ወደ ታች ያንጠባጥቡታል እንጂ። የወረቀት ማጥለያ ታሪክም ከቤት እመቤት ብልሃት የተወለደ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በድሬስደን ከተማ የምትኖር ሜሊታ ቤንትስ የምትባል ባለትዳር ሴት የቡናው አተላ ቢያስቸግራት፥ የናስ ዕቃ በሳስታ ከልጇ ደብተር የወሰደችውን የቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፈችበት። በዚያው ዓመትም ለሥራዋ የባለቤትነት መብት አገኘች። ከዚያ ወዲህ ጀርመኖችና አሜሪካኖች፥ ይልቁንም ጃፓኖች ይህን አፈላል እያሻሻሉ አስፋፉት። የይርጋ ጨፌና የሲዳማ ቡናችንም በእነዚህ ቡና ቤቶች ውስጥ የከበረ ስም አለው።

ለ15 ግራም ቡና 240 ግራም ያህል ውኃ በ3 ደቂቃ ገደማ ሲፈስበት መልካም ይሆናል ይላሉ። ውኃው በብዛት ቢደፋበት ግን ዱቄቱን በአንድ ወገን ቦርቡሮ ስለሚያልፍ፥ ከፊሉ ቡና ከመጠን በላይ ታጥቦ ይመርራል፤ ከፊሉም ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። የዝይ አንገት የተፈለገው ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ለቡናው የሚጠቅመው ቅጥነት ለብረቱ ፈተና ይሆንበታል። በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውኃ በቶሎ አይደርቅም፤ የሚያጥበውም ሰው እጁን ሊያስገባበት አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ የብረቱን ጠባይ እንመልከት። ብረት ሁሉ ከውኃና ከአየር ጋራ ሲኖር ወደ ተወለደበት አፈር ለመመለስ ይሻል፤ ዝገት ማለት ይኸው ነው። በ1913 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የተባለ የብረት ሊቅ የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ ሲመራመር፥ ክሮሚየም የሚባል ማዕድን የተቀላቀለበት ብረት ዝገትን እንደሚቋቋም አስተዋለ። ከዚያም በኋላ ይህ ብረት ለገበታ ቢላዋ መሥሪያ ዋለ። ዛሬ ለመልካም ማንቆርቆሪያ የሚመረጠው ብረት ከመቶው 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለበት ነው፤ በዕቃው ላይም 18/8 ወይም 304 ተብሎ ይጻፋል።

ክሮሚየሙ ከአየር ጋራ ተዋሕዶ በብረቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ ልብስ ያለብሰዋል። የዚህ ልብስ ውፍረት ሚሊሜትር በአንድ ሚሊዮን ቢከፈል ከጥቂቱ እጅ አይበልጥም። ቢፋቅ እንኳ አየር ካገኘ ራሱን በራሱ ይጠግናል። እንግዲህ የማይዝግ ብረት ማለት ልብሱ እስካለ ድረስ የማይዝግ ማለት ነው እንጂ፥ ምንም ቢያደርጉት የማይዝግ ማለት አይደለም።

የዚህ ልብስ ጠላቶች አራት ናቸው። አንደኛው በጨውና በበረኪና ውስጥ የሚገኘው የክሎሪን ወገን ነው። ይህ ልብሱን በደካማው ቦታ ወግቶ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ጉድጓድ ይቈፍራል፤ ጉድጓዱም አንድ ጊዜ ከተጀመረ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ አሲድነት እየተለወጠ ወደ ታች ይበላል። ሁለተኛው ሳይደፋ የሚያድር ውኃና ከውኃው የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ነው። በቅርፊቱ ሥር አየር ስለማይደርስ ልብሱ ቢቀደድ የሚጠገንበት መንገድ የለውም። ሦስተኛው የብየዳ እሳት ነው። ቧንቧው ከገላው ጋራ ሲበየድ በመጋጠሚያው ዙሪያ ያለው ልብስ በሙቀቱ ይጐዳል፤ ሠሪዎቹ ከብየዳው በኋላ በሚገባ ካላጸዱት ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። አራተኛው የማጠቢያ ሽቦ ነው። ከሽቦው የሚረግፈው ደቃቅ ብረት በዕቃው ላይ ተጣብቆ ይቀርና እርሱ ራሱ ይዝጋል፤ የተቀመጠበትንም ስፍራ ያበላሻል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ልጅቱን አስጠርቼ በቁጣ ሳይሆን በቀስታ ጠየቅኋት። እርስዋም እንዲህ ስትል መለሰች። «ጋሼ፥ እኔ ሽቦ አስነክቼው አላውቅም። የእርስዎ ዕቃ ስለ ሆነ አትንኪው ብለውኝ ነበር። ማታ ማታ ውኃ እንዳለበት ተከድኖ ሲያድር አያለሁ፤ ነገር ግን አትንኪው ስለ ተባልሁ አልደፋሁትም።»

ነገሩም እውነት ነበረ። ከሥራ ደክሜ ስመለስ አንድ ሲኒ ቡና አፈላበታለሁ፤ የቀረውን ውኃ እንዳለ ትቼ ክዳኑን እገጥምበታለሁ፤ በማግሥቱም በአሮጌው ውኃ ላይ አዲስ ጨምሬ እንደገና አፈላዋለሁ። ውኃው በፈላ ቁጥር እንፋሎቱ ሲሄድ ጨዉና ማዕድኑ ከሥር ስለሚቀር፥ የቀረው ውኃ ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ይሄዳል። ለከተማችን የሚታደለው ውኃ ከተባይ እንዲጠራ ክሎሪን የሚጨመርበት መሆኑም መታወቅ አለበት። ይህ ለጤናችን የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን እንደ እኔ ያለ ሰው ሲያሳድረውና ሲደጋግመው ብረቱን ይፈታተነዋል።

ሌላም ስሕተት ነበረኝ። ማንቆርቆሪያው የውኃውን ሙቀት በቁጥር የሚያዙት ነው። የእኅቴ ልጅ በሚኖርበት ቆላ አገር እንደሚያደርገው እኔም 96 ዲግሪ ላይ አዝዘው ነበር። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከማይደርስበት ቁጥር ለመድረስ ሲል ሳያቋርጥ ይንተከተክ ነበር። ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች 90 ላይ ብናዘው ይበቃናል።

እንግዲህ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ያየ ሰው ከመፍረዱ በፊት እንዲህ አድርጎ ይመርምር። ዕቃውን ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ ያቀዝቅዘው። ከዚያም ነጭ ጨርቅ በሎሚ ጭማቂ ነክሮ ነጠብጣቡን ይሸው። ነጠብጣቡ ለቆ ከሥሩ ያለው ብረት ለጥፍር ልስልስ ከሆነ፥ ያ ከአሮጌ ቧንቧ በውኃው የመጣ የብረት ዝቃጭ ወይም ከውጭ ያረፈ ትቢያ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ደኅና ነው። ነጠብጣቡ ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ስፍራ ተመልሶ ቢወጣና ጥፍርም ጉድጓድ ቢያገኝ ግን፥ ብረቱ ራሱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው።

ማጽጃውም ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ፥ ይኸውም በሎሚ ውስጥ የሚገኘውን አሲድ በዱቄት መልክ የሚሸጠውን ጨምሮ ማፍላት፤ ከዚያም አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። ዱቄቱ ባይገኝ የብዙ ሎሚ ጭማቂ ተጠልሎ ሊተካው ይችላል። ውኃው ገና ሞቅ እንዳለ ጥቂት በጥቂት በቧንቧው በኩል መድፋት ይገባል፤ የአንገቱ ውስጥ የሚጸዳው በዚህ ብቻ ነውና። በመጨረሻም ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ፥ አንድ ጊዜ አፍልቶ መድፋት ነው። ሲትሪክ አሲድ ቅርፊቱን ከማሟሟቱ በላይ የረገፈውን ደቃቅ ብረት ያነሣል፤ የብረት ፋብሪካዎችም አዲስ ዕቃ ለማጽዳት ይጠቀሙበታል።

በረኪና ግን ወደ ማንቆርቆሪያ አይቅረብ። ይልቁንም በረኪናን ከሎሚ፥ ከሲትሪክ አሲድ ወይም ከሆምጣጤ ጋራ ማደባለቅ ሳንባን የሚጐዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣልና፥ በቤት ውስጥ የሚያገለግሉ ሁሉ ይህን እንዲያውቁ ማድረግ የባለቤቱ ግዴታ ነው። እንደዚሁም የሚቀመጥበትን የኤሌክትሪክ መሠረት ውኃ ውስጥ መንከር አይገባም።

ጥቂት ዝገት ለጤና መርዝ አይደለም። ነገር ግን ውኃ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም በላይ ብረት ሲኖርበት የብረት ጣዕም ሊሰማ ይችላል፤ መልካም ቡናም በዚህ ይበላሻል። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ጉድጓዱ ከታች ማሞቂያው ባለበት በኩል ቢያልፍ ውኃው ወደ ኤሌክትሪኩ ይወርዳል። ስለዚህ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ወይም መብራቱን የሚያጠፋ ማንቆርቆሪያ የስጦታ መታሰቢያ ቢሆን እንኳ ከአገልግሎት መውጣት አለበት።

የእኔ ማንቆርቆሪያ በሲትሪክ አሲዱ ሲፈላ ነጠብጣቡ ሁሉ ለቀቀ፤ በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ያለችው አንዲት ብቻ፥ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፥ ጉድጓድ ሆና ቀረች። አሁን ከቡና በኋላ የቀረው ውኃ በቧንቧው ይደፋል፤ ማንቆርቆሪያውም በሞቀበት ተጠርጎ ክዳኑ ተከፍቶ ያድራል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነጠብጣብ አልወጣበትም።

ልጅቱንም በባለቤቴና በልጆቼ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ቍጣዬን ሁሉም ሰምተውት ነበርና ይቅርታውን በስውር ማድረግ አልተገባኝም። ደመወዟም አልተነካም። እርስዋ «ምንም አይደል ጋሼ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ያን ቀን አንገቷን ደፍታ ዝም ያለችውን አልረሳሁም። ንጹሕ ሰው ዝም ያለው ጥፋተኛ ስለ ሆነ ሳይሆን የሚሰማው ስላጣ እንደ ሆነ፥ በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ጽፌ ያላስተዋልሁትን በማድ ቤቴ ተማርሁ። የቀረችውን አንዲት ጉድጓድ ክዳኑን በከፈትሁ ቍጥር አያታለሁ፤ እንዳትሰፋም እጠብቃታለሁ።