አንድ አብነት፣ አርባ ፓምፕ፦ የኢንዱስትሪ መረጃ ሰብሳቢ ሶፍትዌር ማዋቀር

የኢንዱስትሪ መረጃ ሰብሳቢ ሶፍትዌር በፋብሪካ፣ በኃይል ማመንጫ ወይም በውኃ ጣቢያ ያሉ መለኪያዎች የሚሰጡትን ቁጥር ያነባል፣ የተነበበበትን ሰዓት አያይዞ ያስቀምጣል፣ ለተቆጣጣሪው ያሳያል። ቁጥሮቹ በአብዛኛው የሚመጡት ማሽኖቹን ከሚያዝዘው አነስተኛ ኮምፒውተር፣ ማለትም ከፒኤልሲ ነው። የሚነበበው እያንዳንዱ ነገር፣ ግፊትም ይሁን ሙቀት ወይም የሞተር መነሳትና መቆም፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ታግ ሆኖ ይመዘገባል። ሶፍትዌሩ ግን ስለ ማሽኑ በራሱ የሚያውቀው የለም። ታጉ ከየት እንደሚነበብ፣ በየስንት ሰከንዱ፣ በምን መለኪያ፣ ስንት ሲደርስ እንደሚያሰጋ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ይህ ቅንብር ይባላል። ቅንብሩ ለአንድ ዓይነት መሣሪያ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ በብዙ ቦታ ሲያገለግል ደግሞ አብነት፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ቴምፕሌት ይሆናል።

የአብነት ጥቅም በቁጥር ሲታይ

40 ጉድጓዶች ያሉት አንድ የውኃ አገልግሎት አለ እንበል። በየጉድጓዱ አንድ ፓምፕ አለ፤ ከአንዱ ፓምፕ 8 ነገሮች ይነበባሉ፦ ግፊት፣ ፍሰት፣ የጉድጓዱ የውኃ ከፍታ፣ ሞተሩ የሚስበው አምፔር፣ የሞተሩ ሙቀት፣ መሥራት አለመሥራቱ፣ የሠራበት ሰዓት ድምርና የብልሽት ምልክት። ለእያንዳንዱ ታግ ስም፣ አድራሻ፣ የቁጥሩ ዓይነት፣ መለኪያ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን፣ የንባብ ፍጥነት፣ የማስጠንቀቂያ ወሰንና የመሳሰሉት ሲቆጠሩ 10 ያህል መስኮች ይሞላሉ። 320 ታጎች በ10 ሲባዙ 3,200 መስኮች ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ በእጅ የሚሞላ ሰው አንዱን ፓምፕ በባር፣ ሌላውን በኪሎፓስካል ቢመዘግብ አያስገርምም። የተለመደው አቋራጭ የመጀመሪያውን ፓምፕ በኤክሴል አዘጋጅቶ መገልበጥና ቁጥሩን ብቻ መቀየር ነው። ይህ ጣትን ያሳርፋል እንጂ ችግሩን አይፈታም፤ ቅጂዎቹ ከተገለበጡ በኋላ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። በዓመቱ የግፊቱ ወሰን ይለወጥ ሲባል 40 ቦታ መዞር ግድ ነው።

በአብነት ሲሠራ ግን 8ቱ ታጎች ከነ10 መስኮቻቸው አንድ ጊዜ ይወሰናሉ፤ 80 ውሳኔ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፓምፕ የሚጠየቀው የራሱን ብቻ ነው፦ ስሙን፣ የፒኤልሲውን የኔትወርክ አድራሻና መረጃው የሚጀምርበትን ቦታ። ለ40 ፓምፖች 120 መስኮች ይሆናሉ፤ ጠቅላላው ከ3,200 ወደ 200 ወረደ። ከቅርጽ የወጣ ብሎኬት ከቅርጹ ጋር ያለው ነገር እዚያው ያበቃል፤ ከአብነት የወጣ ፓምፕ ግን ከአብነቱ ጋር እንደተሳሰረ ይቆያል። አብነቱ ሲታረም 40ዎቹም ይታረማሉ።

የጋራውንና የግሉን መለየት

አብነት ማዘጋጀት ማለት በዋናነት ሁሉም መሣሪያዎች የሚጋሩትን ከየራሳቸው ከሆነው መለየት ነው። የጋራው በአብነቱ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። የሚለያየው በስም የተሰየመ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ይህ ባዶ ቦታ ፓራሜትር ይባላል።

አሠራሩ በታወቁት ሶፍትዌሮች ሁሉ ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኢንዳክቲቭ አውቶሜሽን ኢግኒሽን አብነቱን ዩዲቲ ይለዋል፤ ፓራሜትሩ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ ከአብነቱ የአንድ መሣሪያ ቅጂ ሲፈጠር ሶፍትዌሩ ቅንፉን በእውነተኛው ዋጋ ይተካዋል። ኦኤስአይሶፍት የሠራውና አሁን የአቬቫ የሆነው ፒአይ ሲስተም ተተኪውን ቃል በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ያስቀምጣል፤ የመሣሪያው ስም ሲሰጥ የታጎቹ ስም ራሱ ይሞላል። ቀድሞ ዎንደርዌር በሚባለው የአቬቫ ሲስተም ፕላትፎርም ደግሞ የአብነቶች ስም በዶላር ምልክት ይጀምራል።

ፓራሜትር ሲበዛ አብነቱ ጥቅሙን ያጣል። ለእያንዳንዱ ፓምፕ 25 መስክ የሚያስሞላ አብነት በእጅ ከመሙላት ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይሆን ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ነው፦ ፓምፖቹ በእርግጥ የሚለያዩት በምንድን ነው? የሴንሰሮቹ የመለኪያ ወሰን በሁሉም ቦታ 10 ባር ከሆነ በአብነቱ ይጻፍ፤ በከፊሉ 16 ባር ከሆነ ፓራሜትር ይሁን።

አድራሻና የቁጥር ልወጣ

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ቁጥሩ ከሴንሰሩ ተነስቶ ማያ ገጽ እስኪደርስ ባለው መንገድ ነው። አብዛኞቹ የኢንዱስትሪ ሴንሰሮች ንባባቸውን የሚልኩት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ከ0 እስከ 10 ባር በሚለካ ሴንሰር 4 ሚሊአምፔር ዜሮ ባር፣ 20 ሚሊአምፔር 10 ባር፣ መካከሉ 12 ሚሊአምፔር ደግሞ 5 ባር ነው። የሲመንስ ኤስ7 ፒኤልሲዎች ይህንን ምልክት ከ0 እስከ 27,648 ወዳለ ቁጥር ይለውጡታል፤ 13,824 የሚል ንባብ 5 ባር ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት በአብነቱ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በየፓምፑ መደገም አያስፈልገውም። ምልክቱ ከ4 ሚሊአምፔር በጉልህ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ሴንሰሩ ተበላሽቷል። ጥሩ አብነት ያንን ከዜሮ በታች የሆነ ግፊት አድርጎ አያስቀምጠውም፤ ንባቡ የማይታመን መሆኑን ያመለክታል።

ሁለተኛው ወጥመድ ሞድባስ ላይ ይገኛል። ሞዲኮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ይህ የመገናኛ ደንብ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። መረጃውን የሚይዝባቸው ሬጅስተሮች እያንዳንዳቸው 16 ቢት ስለሆኑ 32 ቢት የሆነ የነጥብ ቁጥር ሁለት ሬጅስተር ይይዛል። ከሁለቱ የቱ እንደሚቀድም አምራቾች አይስማሙም፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚታየው ቁጥር ትርጉም የለሽ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ሞዴል በአብነት ውስጥ ተወስኖ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ስም አወጣጥ

አብነት ያለ ወጥ የስም ሥርዓት አይሠራም፤ ስሞቹን የሚገነባው ሶፍትዌሩ ራሱ ስለሆነ ደንቡ ከሁሉ በፊት መወሰን አለበት። አይኤስኤ 5.1 የተባለው ደረጃ የመለኪያዎችን ስም በፊደል ይሰጣል፦ ፒ ለግፊት፣ ቲ ለሙቀት፣ ኤፍ ለፍሰት፣ ኤል ለከፍታ። ቀጥሎ የሚመጣው ቲ ምልክት አስተላላፊ መሣሪያን ያመለክታል። ስለዚህ ፒቲ-101 የግፊት አስተላላፊ ነው። ቦታውን ለመግለጽ ደግሞ አይኤስኤ 95 ከድርጅት ወደ ጣቢያ፣ ከጣቢያ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ መሥሪያ አሃድ የሚወርድ መሰላል አስቀምጧል።

ማስጠንቀቂያና ማከማቻ

የማስጠንቀቂያ ወሰንን በአብነት ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። «ፍሰት ቀንሷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለ ቅድመ ሁኔታ ከተጻፈ፣ ፓምፖቹ በዕቅድ ሲቆሙ 40 ማስጠንቀቂያ ባንድ ጊዜ ይጮኻል። ትክክለኛው አብነት ፓምፑ እየሠራ መሆኑን አስቀድሞ ያያል፤ ከተነሳም በኋላ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አይኤስኤ 18.2 ማስጠንቀቂያን የሚተረጉመው የኦፕሬተሩን ወቅታዊ ምላሽ የሚጠይቅ ምልክት አድርጎ ነው። ምላሽ የማይጠይቅ ነገር በመዝገብ ላይ ቢቀር ይበቃዋል።

ማከማቻን በተመለከተ፣ በየሰከንዱ የሚነበብ ታግ በቀን 86,400 ንባብ ይሰጣል። የጉድጓድ የውኃ ከፍታ ግን በየሰከንዱ አይለወጥም። ስለዚህ ለውጡ የተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ 2 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ብቻ እንዲመዘገብ ይደረጋል። ይህ መጠን ከልክ በላይ እንዳይሰፋ መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ የመለኪያ ስም ወይም ስሌት ቢሳሳት ጥሬው ቁጥር ካለ ኋላ ይታረማል፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ንባብ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም።

ከአብነት የሚወለድ አብነት

ፓምፖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር አላቸው። ለእነርሱ አዲስ አብነት ከባዶ አይጀመርም፤ ከ«ፓምፕ» አብነት የሚወርስ «ኢንቨርተር ያለው ፓምፕ» ይፈጠርና የኸርዝ ንባብ ብቻ ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ሞተር በፓምፕም፣ በማጓጓዣ ቀበቶም፣ በማራገቢያም ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ «ሞተር» ራሱን የቻለ አብነት ሆኖ በሌሎቹ ውስጥ ይካተታል። ውርሱ ከሁለት ወይም ከሦስት ትውልድ ሲያልፍ ግን አንድ ዋጋ ከየት እንደመጣ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ይሆናል።

ልዩ ሁኔታና ለውጥ

አንዱ ጉድጓድ ጥልቅ ሆኖ የግፊት ወሰኑ ከሌሎቹ ቢለይ፣ በዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ዋጋውን መለወጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን አብነቱ ሲታረም ለውጡ ያንን መስክ አልፎት ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ልዩነቶች ካልተመዘገቡ ሲውል ሲያድር አብነቱ የስም ብቻ ይሆናል። ተመሳሳይ ልዩነት በብዙ ቅጂ ላይ ከታየ መስኩ ፓራሜትር ወይም ራሱን የቻለ ተወራሽ አብነት መሆን ነበረበት ማለት ነው። ሲስተም ፕላትፎርም ውስጥ ማንም እንዳይነካቸው የሚፈለጉ መስኮች በአብነቱ ላይ ይቆለፋሉ።

አብነት ትክክሉን እንደሚያሰራጭ ሁሉ ስህተቱንም ያሰራጫል፤ አንድ የተሳሳተ አድራሻ 40 ፓምፖችን ባንዴ ያሳውራል። ስለዚህ ለውጥ መጀመሪያ በሙከራ ሰርቨር ላይ፣ ቀጥሎ በአንድ ወይም በሁለት ፓምፖች ላይ ይፈተሻል፤ በሶፍትዌሩ ያለው ንባብ መስክ ላይ ካለው ጌጅ ጋር ይመሳከራል። አብነቱ ወደ ፋይል ወጥቶ የስሪት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው ይጻፋል። አዲሱ ስሪት ችግር ካመጣ ወደ ቀድሞው መመለስ የሚቻለው ይህ ከተደረገ ብቻ ነው።

ከአንድ አምራች ያለፈ አብነት

በአንድ ሶፍትዌር የተሠራ አብነት ወደ ሌላው እንዳለ አይሄድም። ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተሠሩ ደረጃዎች አሉ። ኦፒሲ ዩኤ፣ በዓለም አቀፍ ቁጥሩ አይኢሲ 62541፣ መሣሪያዎች ቁጥራቸውን ብቻ ሳይሆን ዓይነታቸውንም እንዲገልጹ ያስችላል። ኤምኪውቲቲ በተባለው የመልእክት መገናኛ ደንብ ላይ የተገነባው ስፓርክፕለግ ደግሞ መሣሪያው ከኔትወርኩ ጋር ሲገናኝ በሚልከው የመጀመሪያ መልእክት የአብነቱን ትርጉም እንዲያሳውቅ ይፈቅዳል፤ ተቀባዩ ሶፍትዌር ታጎቹን ከዚያ ይገነባል።

ሁሉም መሣሪያ አብነት ይፈልጋል ማለት አይደለም። በፋብሪካው ውስጥ አንድ ብቻ የሆነና ሌላ የማይጨመርበት ማሽን በቀጥታ ቢዋቀር ይቀላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ተመሳሳይ መሣሪያ ሲኖር፣ ወይም ጣቢያው እየሰፋ እንደሚሄድ ሲታወቅ፣ በአብነቱ ላይ የጠፋው ጊዜ በመጀመሪያው ማስፋፊያ ይካሳል።