የአውሮፕላን መቀመጫ ቀበቶ፦ ትክክለኛ አጠቃቀሙና የጤና ባለሙያው ድርሻ

እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በማይንማር ሰማይ ላይ ከባድ የአየር መናወጥ አጋጠመው። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ አውሮፕላኑ ከአምስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 54 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ከመቀመጫቸው ወደ ላይ ተወርውረው ተመልሰው ወድቀዋል። አንድ መንገደኛ ሕይወቱ አልፏል፤ በርካቶችም የአከርካሪና የራስ ቅል ጉዳት ደርሶባቸዋል። ቀበቶ የማሰሪያው ምልክት መብራቱ የተነገረው ይህ ከመሆኑ 8 ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ ብቻ ነበር።

በጠራ ሰማይ የሚከሰት መናወጥ በአውሮፕላኑ ራዳር አይታይም። ስለዚህ ምልክቱን መጠበቅ በቂ አይደለም፤ በተቀመጡበት ጊዜ ሁሉ ቀበቶን አስሮ መቆየት ያስፈልጋል።

ቀበቶው የሚሠራው እንዴት ነው?

የአብዛኛው መንገደኛ ቀበቶ እንደ መኪናው ትከሻን አያቅፍም። የግጭትን ኃይል መሸከም የሚችለው የዳሌ አጥንት እንጂ ለስላሳው ሆድ አይደለም። ቀበቶው ሲላላ ወይም ሆድ ላይ ሲውል ሰውነት በሥሩ ይሾልካል፤ ቀበቶውም አንጀትን ከአከርካሪ ጋር ያጣብቃል። በዚህም ትንሹ አንጀት ሊበሳ፣ የቻንስ ስብራት የተባለው የወገብ አከርካሪ ስብራትም ሊደርስ ይችላል።

ለመንገደኛ የሚሰጥ ምክር

1. ቀበቶው ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንቶች ላይ ይለፍ፤ ሳይጠመዘዝ ይጥበቅ።
2. ነፍሰ ጡር ከሆድ በታች፣ በዳሌና በጭን መጋጠሚያ ላይ ታስረው፤ በፍጹም በማሕፀኑ ላይ አይሁን።
3. የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕመምተኛ ቁስሉን ፈርቶ ቀበቶውን እንዳያላላ ይነገረው።
4. ሕፃን በእናቱ ቀበቶ ውስጥ አብሮ አይታሰር፤ የእናቱ ክብደት ሊጨፈልቀው ይችላል። ይበልጥ አስተማማኙ ለአውሮፕላን የተፈቀደ የሕፃናት መቀመጫ ነው።
5. ቀበቶ ያልደረሰለት መንገደኛ ማራዘሚያ ከአስተናጋጆች ይጠይቅ።
6. መቆለፊያው የሚፈታው ክዳኑን ወደ ላይ በማንሳት ነው። በድንጋጤ ጊዜ እንደ መኪና ቀበቶ የሚጫን ቁልፍ በመፈለግ ሰዓት እንዳይባክን አስቀድሞ መለማመድ ይጠቅማል።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ

በሆድ ላይ በቀበቶው ቅርጽ የበለዘ ቆዳ የውስጥ ጉዳት ማስጠንቀቂያ ነው። የተበሳ አንጀት ምልክቱን ከሰዓታት በኋላ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ምርመራ ደህና በመሆኑ ብቻ ሕመምተኛውን ማሰናበት አይገባም። ተደጋግሞ ይመርመር፤ የወገብ አከርካሪውም በምስል ይታይ። በነፍሰ ጡር ላይ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅን በማሰብ የእናትና የፅንስ ክትትል ይደረግ።

ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የምንልከው ሕመምተኛ ወረቀቱን ከእጃችን ሲቀበል ይህን ምክር አብሮ ቢሰማ የሚወስደው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። የሚያስቀረው ጉዳት ግን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሊሆን ይችላል።